የጥጥ ብናኝ ያልኩት ጉንፋን

ፍራሽና ትራስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ናት። ከሱቁ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ስለሆነ የጥጥ ብናኝ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ሻያችን ላይ ሳይቀር ይንሳፈፋል። እኛ ዘንድ ማስነጠስ ከሰላምታ አይለይም፤ “ይማርህ” መባባሉንም ከተውን ቆየን።

ስለዚህ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጃችን ያን ጠዋት ደጋግማ ስታስነጥስ፣ እኔ ቂሉ ደስ አለኝ። “ሙያዬን ወረሰች!” ብዬ የጥጥ መምቻ ዘንጌን ጣልኩና እንደ አመሌ አዜምኩላት፦

ደመናውን ለቅሜ አልጋ ባነጥፍልሽ፣
ምን ነካሽ ዓለሜ፣ ማነው ያስነጠሰሽ?

“ጉንፋን ነዋ!” አለች ሚስቴ ከመጋረጃው ወዲያ። “ብናኝ እንዲህ ንፍጥ ያዘንባል? ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግንባሯም ለብ ብሏል። ና ዳስሳት፣ አንተ ዘፋኝ!”

ዳሰስኳት። ፍራሽ ጎረበጠ ሲሉኝ ጥጥ መጨመር ነው የማውቀው፤ ልጅ ታመመች ሲሉኝም ጨመርኩ። ሁለት ሹራብ፣ ኮፍያ፣ በላዩ ለደንበኛ የሰፋሁትን ወፍራም ብርድ ልብስ። መስኮቱንም ከረቸምኩት። ስጨርስ ከልጄ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበር፤ እሱም ተደፍኗል።

እናቷ ልታጠባት ስትል ጡቱን ትይዝና ትንፋሽ ሲያጥራት ትለቀዋለች፤ ታለቅሳለች። ውሃም በኩባያ ብንሰጣት እምቢ አለች። ሳትጠጣ ከዋለችስ? የማውቀው ዜማ ሁሉ ጠፋኝ። ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን።

ነርሷ ጥቅሉን አየችና፣ “አባት፣ ልጅ ነው ያመጣህልኝ ወይስ ትራስ?” አለች። እየፈታች፣ እየፈታች ልጄ ላይ ደረሰች፤ ልጅቷ በላብ ርሳለች። ደረቷን ገልጣ አተነፋፈሷን ተመለከተች።

“ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ አይሰረጎድም፤ ትንፋሿም አልፈጠነም። ጉንፋን ነው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃታል።”

“አንድ መርፌ እንኳን?”

“መርፌ ካማረህ አንተን እወጋሃለሁ። ለሷ የተደፈነውን መክፈት ነው። ልብሱን አቅልሉላት፣ ልብስህን ከሞላው የጥጥ ብናኝም አርቋት፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ትጥባ። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ደረቷ ከሰረጎደ፣ ወይ መጥባቱን ጨርሳ ከተወች ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት።”

ለአፍንጫዋ የጨው ውሃ ጠብታ ሰጠችኝ። ሺህ ትራስ የሰፋ እጄ ሳተና የመጀመሪያው ጠብታ ጆሮዋ ላይ አረፈ። ሚስቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሁለተኛው አፍንጫዋን አገኘ፤ ልጄም ፊቴ ላይ አስነጠሰችብኝ። ንፍጧን ጠረግንላት።

እናቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን ሰጠቻት። ያዘች። ለቀቀች። እንደገና ያዘች፤ አልለቀቀችም። ስትውጥ ጉልጭ ጉልጭ የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ እንዲህ ያለ ቅኝት ሰምቼ አላውቅም።

ነርሷ አንድ ቁራጭ የቁስል መጠቅለያ ጎዝ ቀድዳ ዘረጋችልኝ።

“ልጅቷ ተጠርጋለች እኮ” አልኳት።

“ላንተ ነው” አለችኝ። “እንባህንና ንፍጥህን ጥረግ።”