ጎዶሎ መኪና ፍለጋ

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የት የት ማየት እንዳለበት ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አብዛኞቹ መካሪዎቼ መኪና ኖሯቸው አያውቅም። አንዱ ጭሱን እይ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች ይለኛል። ሌላው ከሥሯ ገብተህ ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ እይ ይላል። ደግሞ ሌላው በሩን በጣትህ አንኳኳው፣ ድምፁ ከታፈነ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው ይላል። ታላቅ ወንድሜ፣ እሱስ መኪና ነበረው፣ «ሞተሯን እይ፤ ሌላው ጌጥ ነው» ብሎ ዘጋው። ሁሉንም አዳመጥኩ። ያየሁት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ታርጋዋን። እሱንም የመጨረሻዋን ቁጥር።

ያንን ዘመን የኖረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ለሌላው ላስረዳ። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤት መኪና የሚወጣው በተራ ነው። አንዱ እሑድ ታርጋቸው በሙሉ ቁጥር፣ በሁለት በአራት፣ የሚያልቅ መኪኖች ይወጣሉ፣ በቀጣዩ በጎዶሎ የሚያልቁ። ያለተራዋ የወጣች ትያዛለች። የወንድሜ መኪና ሙሉ ነበረች። ስለዚህ እናታችን ቁስቋም ማርያም የምትደርሰው አንድ እሑድ እየዘለለች ነበር።

ጉልበቷ ወደዚያ የሚወጣውን ዳገት እምቢ ካለ ቆይቷል። አባታችን ያረፈው እዚያ ነው። «እታች ያለው ቤተ ክርስቲያን ምን አነሰው?» ስላት፣ «እሱ የት ነው ያለው?» ብላ ትመልስልኛለች። ታክሲዎቹ ኮረኮንቹን ሲያዩ ይመለሳሉ። የወንድሜ ተራ ባልሆነ እሑድ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ሽቅብ ወደ ቁስቋም ታያለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክሩም የእሷ ሽቅብ ማየትም ሲሰለቸኝ፣ ጉለሌ ውስጥ አንድ ጋራዥ አጥር ሥር ወደሚቆሙት ደላሎች ሄድኩ።

«ጎዶሎ መኪና ነው የምፈልገው» አልኩት አንዱን።

ብብቴ ሥር ያለውን መጽሐፍ ጨምሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጋሼ፣ እዚህ የቆመው ሁሉ ጎዶሎ ነው። ምኗ ይጉደልልዎ?»

«ታርጋዋ ማለቴ ነው።»

«እ... ለእሑድ! እንደሱ አይሉም? እኔ ደግሞ መጽሐፍ ያሳበደው ሰው መጣብኝ ብዬ...»

ደህና ደህናዎቹ መኪኖች ሁሉ ሙሉ ነበሩ፣ በሁለቱም ትርጉም። ጎዶሎ የተገኘችው አንዲት አሮጌ ሴይቼንቶ፣ ያቺ ትንሿ የጣሊያን መኪና፣ ብቻ ነች፤ እሷም በሁለቱም ትርጉም። ደላላው «ሴት ናት የነዳቻት» አለኝ። ከመልኳ ሴትዮዋ ቂም ይዛባት የኖረች ይመስላል።

«ሞተሩን ልክፈትልዎ?»

«ተወው» አልኩት። ምን ሊያሳየኝ? ከፍቶ ምንም ዓይነት መጥፎ ነገር ቢያሳየኝ ያው ልገዛት ነው፤ ባላይ ይሻለኛል።

የመጀመሪያው ጎዶሎ እሑድ ደረሰ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። ወንድሜ ሙሉዋን መኪናውን ቤት አስሮ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጣጥፎ ከኋላ ገባ። ሜዳ ሜዳውን በደህና ሄድን። ከቁስቋም በታች ያለው ዳገት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። አስነሣኋት፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ቆመች።

«ሞተሯን እይ አላልኩህም?»

«ብለኸኛል።»

«እስቲ አሁን በታርጋዋ አውጣት!»

«አንተ!» አለች እናቴ ወደ ኋላ ሳትዞር። «ወይ ወርደህ ግፋ፣ ወይ ዝም በል።»

ወርዶ ገፋ። አልሆነም። በእግራቸው የሚወጡት ምእመናን እያለፉን ነው። አንዲት ሴትዮ በመስኮቱ ጎንበስ አሉና፣ «እኛ ቀድመን እንሳለምላችሁ?» አሉ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «በቃ መልሰኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። ቤት፣ ደጃፏ ላይ፣ ማለቷ ነው።

የኋላ ማርሽ ከመጀመሪያው ማርሽ ይልቅ ጉልበት እንዳለው የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። የት እንደሆነ አላስታውስም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ካነበብኩት ውስጥ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። መኪናዋን አዞርኩ። ፊቷ ቁልቁል ወደ ከተማው፣ ጀርባዋ ወደ ማርያም ሆነ። ወንድሜ «ልትመልሳት ነው?» ሲል የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ አንገቴን ጠምዝዤ ነዳሁ። እያቃሰተች፣ እየጨሰች፣ ወጣች። ጭሱ ሰማያዊ ነበር። ወንድሜ ከፊታችን እየሮጠ ተከተለን፤ ሕፃናቱ ሳቁ፤ ሴትዮዋ አማተቡ።

እናቴ በዚያ ዳገት ስትወጣ የኖረችው እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ እያየች ነው። አሁን የጉለሌ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ፊቷ ተዘርግቶ፣ እሷ ከፍ ባለች ቁጥር እየሰፋ ሄደ።

«ያ የኛ ጣሪያ አይደል? ዝገቱ እንዲህ ነው እንዴ?»

አላየሁም፤ እኔ የማየው ወደ ኋላ ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ደረስን። እሷ አባቴ ጋ ሄደች፤ እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አንገቴን አሸሁ። ስንወርድ ወንድሜ ሁለተኛ እዚህች ውስጥ አልገባም ብሎ በእግሩ ወረደ።

በቀጣዩ እሑድ ተራው የሙሉ ነበር። ወንድሜ ታጥባ የምታብረቀርቅ መኪናውን ይዞ መጣ። ያንኑ ዳገት ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትስል ወጣችው። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ኋላ ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ ከተማው አልታይ አላት።

«ይቺኛዋ» አለችው፣ «ወደ ኋላ አትሄድም እንዴ?»