ወረታ ላይ ያፈራው ቬርሜንቲኖ

ባለፈው እሑድ በወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ ነጭ ወይን ጠጅ ቀዱልኝ። ጠርሙሱን አዙሬ ሳየው «ቬርሜንቲኖ» ይላል። ይህን ስም ከሰው አፍ የሰማሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ወረታ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወደዚያች ከተማ ተመድቤ የማስተምር የሃያ አራት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ከቁሐር ሚካኤል የሚመጡት ተማሪዎቼ መንገዱ ሲዘጋባቸው ይቀራሉ፤ እኔም ግማሹ ባዶ የሆነ ክፍል አስተምሬ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ኪራይ ቤቴ እመለሳለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው ታደሰ የሚባል የሩዝ ባለሙያ ነበር። እሱም እንደኔ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ከአርሲ የመጣ። እሑድ እሑድ ሽሮ አብረን እንበላለን እንጂ ብዙ አናወራም። ለሩዝ ሥልጠና ጣሊያን ደርሶ ሲመለስ፣ ሦስት የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ቬርሜንቲኖ የሚባል፣ የባሕር ነፋስና ድንጋያማ ተዳፋት የሚወድ፣ ሥሩ ውሃ ሲቋጥር የሚታመም ዘር መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ወደዚህ ረግረግ ማምጣቱ አሳቀኝ። እሱ ግን የተቆረጠ በርሜል ጠጠርና አፈር ሞልቶ ተከላቸው። ሁለቱ ደረቁ። ሦስተኛው ቆይቶ ቆይቶ አንዲት ዘለላ ያዘ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠራኝና ፍሬውን አቀመሰኝ። ቢጫ የነካው አረንጓዴ ነው። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ አለኝ፤ ቀጥሎ እንደ በሰለ ኮክ ጣፈጠኝ፤ ስውጠው ምላሴ ላይ ጥቂት ምሬት ቀረ። ጠጁ ሲጠመቅ ደግሞ ጨው ጨው እንደሚል፣ ምሬቱም ጠባዩ እንጂ ጉድለቱ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ከዚያ ቅጠሉን እየነካካ፣

«እዚህ ብትቀሪ፣ ለሁለታችን የሚሆን ቤት እሠራ ነበር» አለኝ።

የዝውውር ደብዳቤዬ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። እስከዚያች ሰዓት አልነገርኩትም ነበር።

«ዝውውሬ ጸድቋል» አልኩት።

እጁን ከቅጠሉ አነሳ። መቼ እንደምሄድ ብቻ ጠየቀኝ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን እስከ መገንጠያው ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። ሐሙሲት ከተማ እስክንደርስ እንባዬን ያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ከአዲስ አበባ ሁለት ደብዳቤ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ። በሚቀጥለው ክረምት ታደሰም ቤቱን ለቆ መሄዱን አከራያችን በስልክ ነገሩኝ፤ ወዴት እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም።

ዝውውሩን የጠየቅኩት ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ከሰው መሃል እኖራለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በሠርጉ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስንት ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። ሥራ ሲበዛብኝ ሳላገባ ቀረሁ አልኳት፤ ሁልጊዜ የምለው እንደዚያ ነው።