አባ፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ

የአክስቴ ባል መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሱቁ ውስጥ ጫማ ሲደረድር ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። የንስሐ አባቱ አገር ቤት ከገቡ ወዲህ ሌላ አልያዘም ነበር። "ከፋሲካ በኋላ እይዛለሁ" ይላል፣ ፋሲካው ያልፋል። ሳይናዘዝ ሳይቆርብ ሞተ። አክስቴን ከሞቱ ይልቅ የበላት ይኼ ነው። ነፍሱ የት ናት?

በሣልስቱ አማኑኤል ሰፈር ድንኳኑ ውስጥ ቄስ መጡ፤ ከጎጃም የወጡ ትልቅ ሊቅ ናቸው። አክስቴ ጠጋ ብላ፣ "አባ፣ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ምን ይሆናል?" አለቻቸው።

እሳቸውም ብድግ ብለው ማስተማር ጀመሩ። ግእዙን ያወርዱታል፣ ፍቺውን በሌላ ግእዝ ይፈቱታል። ከአዳም ተነሥተው ገና ኖኅ ጋ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ባለ ቁጥር ድንኳኑ "አሜን" ይላል። እኔም አልኩ። ምን እንደተባለ ንገሪ ብባል ግን አንገቴን ቢቆርጡኝ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ልማዳችን ነው፤ ያልገባን ነገር የበለጠ ቅዱስ ይመስለናል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ "ማጽናናት እንዲህ ነው" አሉኝ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ጥልቅ ነው" አሉ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

ትምህርቱ አልቆ ሰው "እግዜር ያጽናሽ" ማለት ሲጀምር አክስቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "አባ፣ አልገባኝም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መጨረሻውን ይንገሩኝ።" መርካቶ ውስጥ ገዢ የዋጋ ክርክር ሲሰለቸው የሚለው ነው። ሽማግሌው አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

ቄሱ ተመልሰው ተቀመጡ። መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሲናገሩ በአማርኛ ነበር፣ ያውም ቀስ ብለው።

"የት እንዳለ አላውቅም ልጄ። ድኗል ብዬ አልዋሽሽም፣ ጠፍቷልም አልልሽም። ስለ እሱ መለመን ግን አልተከለከልንም። እኔ በየቅዳሴው ስሙን እጠራለሁ።"

አሜን ያለ ሰው የለም። እኔ እንዲህ ያለ መልስ ይገድላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አክስቴ ግን ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከቄሱ ጎን ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲያው አባ፣ አብረን እንለምንለት" አለቻቸው።