ከጀሶው ጀርባ ያለው ሰማያዊ

የልጅ ልጄ ጀሶ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ይለብሳል። ቅርጽ ሠሪ ናት። ጎበጥ ያለ ሰፊ ነጭ ቅርጽ ትሠራና ከግድግዳው ስንዝር አርቃ ትሰቅለዋለች። ቀለሙን የምትቀባው ከፊት ሳይሆን ከጀርባው ነው። መብራት ሲበራ ቀለሙ ራሱ አይታይም፤ ነጸብራቁ ብቻ ግድግዳው ላይ እንደ ትንፋሽ ያርፋል። ሰው ቆም ብሎ "ቀለም አለ ወይስ ዓይኔ ነው?" እንዲል ትፈልጋለች።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ደግሞ እሷ። ሥራዋን ስትጨርስ መጀመሪያ የምትጠራው እኔን ነበር። "የተማረ ሰው ያወቀውን ያያል፤ አንቺ ግን ያየሽውን ትናገሪያለሽ፣ እማማ" ትለኛለች። በዚህች ቃል ስንቱን ቀን ተኮፍሼ ውያለሁ።

አምና ለትልቁ ትርኢት ስትዘጋጅ ጠራችኝ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም።"

ከጀርባው ሰማያዊ ጨመረች። "አሁንስ?"

"ቢጫ ቢጤ ግድግዳ።"

"ቢጫው ደግሞ ከየት መጣ? ከኪስሽ አውጥተሽው እንዳይሆን" ብላ ሳቀችና እንደገና ቀባች። በሦስተኛው "አዎ፣ ሰማያዊ አየሁ" አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ።

ትርኢቱ ላይ ሰው አንዴ ገልመጥ እያደረገ አለፈ። የቀድሞ መምህሯ "ቀለሙ ይጮኻል" አላት። ቤት ገብታ "ዓይኔ ከዳኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ጀሶውን ትፈገፍጋለች፣ ታለሰልሳለች፤ ጀርባውን ግን አትቀባም።

ከወር በፊት ሐኪም የአንድ ዓይኔን ሞራ ገፈፈልኝ። ሞራ ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን ድብዝዝ አድርጎ እንደሚያሳይም ነገረኝ። ያ የትርኢቱ ሥራ ኮሪደራችን ውስጥ ተሰቅሏል። የዳነውን ዓይኔን ሸፍኜ በአሮጌው ሳየው ለስላሳ ነው። በዳነው ሳየው የነዳጅ ማደያ ማስታወቂያ ይመስላል። ሄጄ ነገርኳት።

"ያኔ ዓይንሽ መድከሙን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ካወቅሽ አትጠሪኝም ብዬ።"

ብርጭቆ ወረቀቷን አስቀምጣ ሻይ ቀዳችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ሻይሽ ይቀዘቅዛል" ብቻ አለችኝ።

ያን ትርኢት ያያችሁ ሰዎች፣ ሰማያዊው የበዛው በእኔ ነው። ሥራዋ ሲነሣ እባካችሁ ይህንንም አብራችሁ አንሡልኝ።