ውሃ የሚይዝ ቆብ

ኢላርዮ ከሁሊያካ ከተማ በጀልባ ሲመለስ ቀኝ እጁን በሻርፕ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። እኔ ወደቡ ላይ የድንች ጆንያ እያስጫንኩ አየሁትና «ይኸው፣ ሰክሮ ወድቆ መጣ» አልኩ በሆዴ። ክፉ ማሰብ ይቀናኛል። ሚስቴ ቶማሳ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ሲፕሪያኖ፣ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ተናገር» እያለች ስትለፋ ኖራለች፤ አልተሳካላትም።

ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ቤታቸው ከእኛ እርከን ዝቅ ብሎ ነው። አባቱን ሐይቁ ወሰደው፤ እናቱም ብዙ አልቆየች፤ ያሳደገው አያቱ ነው። በሐይቁ መሐል ባለችው በእኛ በታኪሌ ደሴት ሹራብ የወንድ ሥራ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ መቀነት ይሸምናሉ፤ መርፌ ግን አይነኩም። ኢላርዮ በሰባት ዓመቱ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ክሩን በአንገቱ አዙሮ፣ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሳሉትን አምስት መርፌዎች ይዞ ጀመረ። አሥራ አምስት ሲሞላው በደሴቱ ላይ እንደሱ ያለ እጅ አልነበረም። ይሄን የምለው እኔ ነኝ፤ ሰው ማመስገን ጥርስ ከማስነቀል የሚብስብኝ ሰውዬ።

በሃያ አንድ ዓመቱ ለቤት ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ መግዣ ፍለጋ ወደ ሁሊያካ ሄደ። እዚያ አንድ ሹራብ የሚያመርት ቤት ተቀጥሮ ማሽን ላይ ቆመ። እጀታውን ወደ ቀኝ መግፋት፣ ወደ ግራ መሳብ፤ ደግሞ መግፋት፣ ደግሞ መሳብ። ስድስት ዓመት ይሄንኑ። መጀመሪያ አውራ ጣቱን ነዘረው፣ ከዚያ አንጓውን፣ ከዚያ እስከ ክርኑ ድረስ ጅማቱ እንደ እሳት ይለበልበው ጀመር። የሱሪውን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው «እስቲ ትንሽ እረፍ» ብለው ሸኙት። መባረሩ የገባው ሰኞ ሲመለስ ነው፤ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል።

ልጄ ዴልፊና እነዚያን ስድስት ዓመታት ስትጠብቀው ኖራለች። ሁለት ደህና ደህና ወንዶች ጠይቀዋት በሩን ዘግታባቸዋለች። ስለዚህ ኢላርዮ በመጣ በሳምንቱ ለወግ የምናኝከውን ኮካ ቅጠል በከረጢት ይዞ፣ ጫፉ ነጭ የሆነውን የላጤ ቆቡን አድርጎ፣ በራፌ ላይ ሲቆም አልደነቀኝም። ቅጠሉን ተቀበልኩት። አኘክን። 

«እንግዲህ ደንቡን ታውቀዋለህ» አልኩት።

ደንቡን የማያውቅ የለም። ሴት ልጅ የሚጠይቅ ወንድ በራሱ እጅ ቀይ ቆብ ሠርቶ ያመጣል። የልጅቷ አባት ውሃ ይሞላበትና ሰው ሁሉ እያየ ከቤቱ በር እስከ ግቢው መውጫ ይዞት ይሄዳል። ጠብ ካለ፣ ነገሩ አለቀ። የእኔን ቆብ አማቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እስከ ታች ወደብ ድረስ ይዞት ወርዷል። ዛሬ አንዳንዱ አባት ለወጉ ያህል ጠብታ ይረጭበትና ያልፈዋል። እኔ እንደሱ አይደለሁም።

«አባባ» አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እጄ ታሟል። ጤና ኬላ ያለችው ነርስ ሁለት ወር እንዳርፍ ነግራኛለች። ከዚያ በቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ያውም አላልቼ እንድሠራ። ክሩን ጠበቅ አድርጌ ከሳብኩ እጄን አጣዋለሁ አለችኝ። እርስዎ ፈቃድዎ ቢሆን...»

«አላልተህ ለቱሪስት ሥራ» አልኩት። «ለልጄ ግን ጠበቅ። ቀኑም ገና ነው፤ ሠርግ በግንቦት ነው። በግንቦት ቆቡ ከሌለ ሁለተኛ ይሄን ደጅ እንዳትረግጥ፤ ልጅቷም እያረጀች ነው።»

ዴልፊና ከውስጥ ሰማችኝ። አንድ ነገር በኃይል ወደቀ፤ ድስት ይመስለኛል።

ልጁ ሁለት ወር እንደታዘዘው አረፈ። የድንች ማሳውን ጎረቤት ቆፈረለት፤ እሱ በግራ እጁ ዘር ይጥል ነበር። በጥር ወር መርፌዎቹን አወጣ። ነርሷ ግላዲስ ከሐይቁ ማዶ የፑኖ ከተማ ልጅ ናት፤ ደሴት ላይ መመደቧን እንደ እስር የምትቆጥር፣ ምላሷም እንደ እኔው የሰላ። ሰዓት እያየች አጠገቡ ትቆማለች። «በቃ! ዐሥር ደቂቃ ሞላ! አስቀምጥ አልኩህ!» ስትል ድምፅዋ እስከ እኛ እርከን ይሰማል።

መጀመሪያ ቀን አንድ ዙር እንኳ አልጨረሰም። ያ እጅ! እኛ አደባባዩ ላይ በተርታ ተቀምጠን ስንሠራ እሱም መጥቶ ከግንቡ ጥግ ይቀመጣል። መርፌው ከጣቱ ሾልኮ ይወድቃል፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፤ ደግሞ ይወድቃል። ከመሐላችን ነገረኛው ፓስኩዋል አንገቱን አስግጎ አየና «ኢላርዮ፣ ይሄ ቆብ ነው ወይስ መረብ? ዓሣ ልታጠምድበት ከሆነ ጀልባዬን ላውስህ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሏል።

እውነቱን ልናገር፣ እጁ ይሻለው ነበር። በየካቲት ማንኪያ ያዘ። ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። ዴልፊና አንድ ቀን እየሮጠች መጥታ «አባዬ፣ ዛሬ ጠጉሬን ጎነጎነልኝ! በሁለቱም እጁ!» አለችኝ፤ ጉንጉኗ ግን የተንሻፈፈ ነበር። ላላ አድርጎ መሥራቱ ለእጁ መድኃኒት ሆኖለት ነበር። ልጁ ሹራብ ይዞ ሲቀመጥ የድሮው ፊቱ ይመለስለት እንደነበር እኔም አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ ደንቡን ግን አልተውኩም።

የመጀመሪያውን ቆብ በየካቲት መጨረሻ ጨረሰ። ለብቻው ሐይቁ ዳር ወርዶ ውሃ ሞላበት። ዴልፊና ከላይ ሆና ታየው ነበር። ውሃው በወንፊት እንደሚፈስ ፈሰሰ፤ ጉልበቱ ላይ፣ ጫማው ላይ። እንደገና ሞላበት። እንደገና ፈሰሰ። ሰባት ጊዜ ሞላበት፤ እሷ ቆጥራለች። ከዚያ ቆቡን ፊቱ ላይ ለጥፎ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው፣ እማዬ» አለቻት ለእናቷ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

ተረተረው። ሁለተኛ ሠራ፤ ፈሰሰ፤ ተረተረው። ልጄ ለእሱ ብላ ክሩን እንደገና እንዝርት ላይ አክርራ አክርራ ፈተለችለት፤ ጣቷ እስኪላጥ። ሦስተኛው የተሻለ ነበር፤ ግን እሱም ያንጠባጥባል። ክሩ ምን ያድርግ? እያንዳንዷን የሹራብ ዐይን ጥርቅም አድርጎ የሚስበው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ መሳብ የለበትም።

ያኔ ፓስኩዋል ሳይቀር አዘነለት። «ስጠኝ፣ እኔ በሁለት ሳምንት እጨርስልሃለሁ፤ ማን ያውቃል?» አለው። ሁሉም ያውቃል፤ እኛ የአንዳችንን እጅ ሥራ እንደ ፊታችን ነው የምንለየው። ኢላርዮም «እሺ፣ ከዚያ ዴልፊና ያንተ ሚስት ትሁን፤ እኔ ሚዜ እሆናለሁ» ብሎ መለሰለት። ይሄ የመጨረሻ ቀልዱ ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ዴልፊና እርሻ ላይ መጣችብኝ። እኔ ባቄላ እየኮተኮትኩ ነበር።

«አባዬ፣ ለአንድ ቀን ደንቡን ተው።»

«ደንብ የተውኩ ዕለት ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው! ሰው ነው ከእሱ ጋር የሚኖረው?» አለችኝ። «ሂድና እየው። እንቅልፍ የለውም። እህል አይበላም። ‹ብጠብቀው እጄ ይሄዳል፣ ባላላው አንቺ ትሄጃለሽ› እያለ ብቻውን ያወራል። አብዶ ሊሞትብኝ ነው፣ አባዬ!»

«ወንድ ልጅ በትንሽ ሕመም...» ብዬ ስጀምር እጇን አፏ ላይ ጭና ጥላኝ ሄደች። እኔም ኩትኳቶዬን ቀጠልኩ። ምን ነክቶኝ ነው ያን ጊዜ ተከትያት ያልሄድኩት? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያች ቀን በኋላ ኢላርዮ አደባባይ አልመጣም፤ ጤና ኬላም መሄድ አቆመ። ግላዲስ በሩን እየደበደበች «ክፈት፣ አንተ ደንቆሮ!» ስትል ብትቆይም አልከፈተም። ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ያወቀችው ዴልፊና ብቻ ናት። መርፌውን ጣቱ መያዝ ሲያቅተው በጨርቅ ቅዳጅ ከጣቱ ጋር አሰረው። ክሩን አንገቱ ላይ ሁለት ዙር አዞረው፤ እንዲጠብቅለት። ማታ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል፤ ጠዋት ደግሞ ያስራል። መርፌዎቹን ሰርቃ ሐይቅ ውስጥ ወረወረችበት። በማግሥቱ ሌላ ሽቦ ስሎ አገኘችው።

«እኔ ያለ ቆብም እመጣለሁ፤ ዛሬ፣ አሁን፣ እቃዬን ይዤ» አለችው።

«አባትሽ ሳይመርቅሽ ገብተሽ ዕድሜሽን ሙሉ ደጁን እያየሽ ስታለቅሺ ልይ?» አላት። «ተይኝ፣ ዴልፊና። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ግንቦት ገባ። ቆቡ የሚፈተንበት ቀን ግቢያችን በሰው ሞላ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ፓስኩዋል፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ ግላዲስ ሳትቀር ከበሩ ጥግ እጇን አጣምራ ቆማለች። ኢላርዮ ጥቁር ሰደርያውን ለብሶ መጣ። ከስቷል፤ ዓይኑ ገብቷል። ቆቡን በግራ እጁ አቀበለኝ፤ ቀኙ ሰደርያው ውስጥ ነበር። በአንድ እጁ የሰጠኝ አኩርፎኝ ነው ብዬ ቂም ያዝኩ።

ቆቡን ግን አገላበጥኩት፤ ደግሜ አገላበጥኩት። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ቀዩ ላይ ወፎቹ፣ ኮከቦቹ፣ ሁሉም እንደ ጠጠር የጠነከሩ። ቶማሳ ማሰሮውን አመጣች። እስከ አፉ ሞላሁት። በሁለት እጄ ይዤ ከበሩ ተነሣሁ፤ ሰው ሁሉ እግሬ ሥር ያለውን አፈር ነው የሚያየው። ግቢው መውጫ ደረስኩ። ደረቅ ነው። እልኸኛ አይደለሁ? ተመልሼም መጣሁ። አሁንም ደረቅ። አንዲት ጠብታ፣ አንዲት እንኳ አልወረደችም!

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ፓስኩዋል ቆቡን ከሥር በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን ለሰው ሁሉ እያሳየ ይስቃል። እኔም ዕድሜዬን እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ እኔ የሠራሁት ይመስል።

ውሃውን ደፍቼ፣ ቆቡን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ከከረጢቴ ኮካ ቅጠል ሙሉ እፍኝ አወጣሁ። ልጄን ሰጠሁህ ማለቴ ነው። ቅጠል በሁለት እጅ ይሰጣሉ፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ። ኢላርዮ ቀኝ እጁን ከሰደርያው ውስጥ አወጣ። ከግራው ጋር ገጠመው። ቅጠሉን አፈሰስኩለት፤ ቅጠሉም በጣቶቹ መሐል ተንሸራቶ እግሩ ሥር ተበተነ።

ቅጠል መሬት አይጣልም። ደሜ ፈላ። «ምን እያደረግህ ነው? በዚህ ቀን ታዋርደኛለህ?» አልኩት።

«ይቅርታ አባባ» ብሎ ተንበረከከ። በግራ እጁ አንድ አንድ ቅጠል እየለቀመ ወደ ቀኙ ያስቀምጣል፤ ከቀኙ ደግሞ ይወድቃል። ጣቶቹ አይታጠፉም። አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ተጣሞ ቀርቷል፤ ከአንጓው በላይ ክንዱ እንደ ክትክታ እንጨት ደርቋል። እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ። ግላዲስ ሰው ጥሳ መጣች፤ እጁን አንስታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች። «ይሰማሃል? ይሄስ? ይሄስ?» አይ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ቀስ ብላ ጉልበቱ ላይ መለሰችለት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ዴልፊና ነበረች የመለሰችልኝ። አልጮኸችም። ከእሱ ጎን በጉልበቷ ተቀምጣ ቅጠሉን ለቅማ ጨረሰች፤ ክንዱን ይዛ አስነሣችው። ቆቡን ልሰጠው ዘረጋሁ፤ የባለትዳር ቆቡ ነው፣ ማድረግ አለበት። እሱ ሊቀበለኝ ሲል እሷ እጄን መለሰችው።

«አንተው አድርገው፣ አባዬ» አለችኝ። «እኔ ቆብ አልጠየቅሁትም። ይሄን የሠራው ለአንተ ነው።»

ይዛው ወጣች። ወደ ታች፣ ወደ እነሱ እርከን ሲወርዱ አየኋቸው። ሰውም ተበተነ። ቶማሳ ማሰሮውን አንስታ ገባች። እኔ ቆቡን ይዤ ግቢው መሐል ቆሜ ቀረሁ።