ከመጀመሪያውም ባክ ነህ

ወጣት ሳለሁ ደሴ ውስጥ ለቀበሌያችን ቡድን ባክ ነበርኩ። ባክ ማለት ከበረኛው ፊት ቆሞ አጥቂ የሚያስቀር፣ ኳስ ሲመጣ ብዙ ሳያስብ ለግቶ የሚያርቅ ሰው ነው። በእኔ በኩል ማለፍ የፈለገ ወይ ኳሱን ወይ እግሩን ትቶ ይሄድ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ስለዚህ ልጄ እዚህ ሜልበርን አድጎ፣ አሜሪካ ካለ ኮሌጅ «ኳርተርባክ ሆነህ ተጫወትልን፣ በነፃ እናስተምርሃለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣለት ማብራሪያ አልጠየቅኩም። ባክ ባክን ወለደ፣ አለቀ።

ጨዋታው የአሜሪካኖቹ ፉትቦል እንጂ የኛው እግር ኳስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ያን ያህል ደንቆሮ አይደለሁም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ በእጅ ይወረወራል። የልጁን ክንድ ደግሞ ከማንም በፊት ያየን እኛ ነን። ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር፣ እናቱ በረንዳ ላይ ትቆማለች፣ እሱ ከታች ሆኖ የገዛውን ሎሚ አንድ በአንድ ይወረውርላታል። አንድም ከእጇ ስቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት ጓደኛው ወደ አንድ የዚሁ ጨዋታ ክለብ ይዞት ሄደ፣ ከዚያ አሠልጣኙ ቪዲዮውን ለአሜሪካኖች ላከ፣ ከዚያ ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አውሮፕላን ተሳፈረ። እንዲህ ያለ ክንድ ለባክ ምን ይሠራለታል ብሎ መጠየቅ የአባት ሥራ ነበር። አልጠየቅኩም።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ «ልጄ አሜሪካ ባክ ነው» እላለሁ። አንድ የኮምቦልቻ ሰው ነበር፣ ነገር ማጣፈጥ የሚወድ። «ጋሼ፣ ኳርተር ማለት እኮ ሩብ ነው። ልጅዎ ሩብ ባክ ከሆነ ሦስቱን ሩብ ማን ይሸፍንለታል?» አለኝ። «ሦስቱን ሩብ ያንተን ምላስ እንተክልበታለን» አልኩትና ተሳስቀን ተለያየን። ያን ቀን እንኳ እቤት ገብቼ ሩቡ ምንድነው ብዬ አልመረመርኩም።

ልጁ ቪዲዮ ይልክልኛል። እከፍተዋለሁ፤ ሁሉም ራሱ ላይ ሄልሜት ደፍቶ፣ ትከሻው አብጦ፣ ተደራርቦ ይወድቃል። የልጄን ቁጥር እፈልጋለሁ፤ ተነስቶ መቆሙን ካየሁ አልሃምዱሊላህ ብዬ እዘጋዋለሁ። «አየኸው አባዬ?» ሲለኝ «አየሁት፣ ማሻአላህ፣ ጎበዝ!» እላለሁ። ቅር እንዳይለው ነው። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ደወለ። ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ነው የምሠራው፣ ሺፍት ሊያመልጠኝ ነው፤ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጫማዬን አስራለሁ። ልጁ ሲቸኩል እንግሊዝኛውና አማርኛው ይደባለቅበታል። «አባዬ፣ ኮቹ ዲፌንሲቭ ባክ ሁን አለኝ። ሌላ ኮሌጅ ደግሞ ትራንስፈር አድርገህ ና፣ እኛ እናጫውትሃለን ይለኛል። ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ የሰማሁት ባክ የምትለዋን ብቻ ነው። «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? አንተ ከመጀመሪያውም ባክ ነህ እኮ! አርፈህ የሰጡህን ተጫወት» አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» ስል «እሺ አባዬ» አለና ዘጋው።

የሰጡትን ተጫወተ። የቀረውን ሁለት ዓመት ጨርሶ፣ ዲግሪውን ይዞ መጣ። ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ እዚሁ ሜልበርን ዳር ዌሪቢ ቤት ተከራየ። ኳስ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አይወጣም። ከእኔ ጋር ያለው ነገርም ቀዝቃዛ ሆነ፤ ይጠይቀኛል፣ ያከብረኛል፣ ግን ምክር አይጠይቀኝም። ሰው ሲያገባ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ይኸው ስድስት ዓመት።

ባለፈው ክረምት መጋዘን ምሳ ስንበላ፣ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሳሞአዊ ፎርክሊፍት ነጂ በስልኩ የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ያያል። የአባትነት ኩራቴ ተነሳብኝና «ልጄ ኮሌጅ ይሄን ተጫውቷል፣ ኳርተርባክ ነበር» አልኩት። ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠ። «ኳርተርባክ? የምርህን ነው?» ብሎ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አንድ ልጅ መሀል ቆሞ ይጮሃል፣ ሁሉም አፉን ያያል፣ ኳሷ ወደ እሱ ትመጣለች፣ እሱ ወርውሮ ከሜዳው ወዲያ ጫፍ በሚሮጥ ጓደኛው እጅ ላይ ያሳርፋታል። «ይሄ ነው ባኩ?» አልኩ። ሳቀብኝ። «ይሄ ጨዋታውን የሚመራው ነው። ዲፌንሲቭ ባክ እነዚያ ናቸው፣ ኳሱን የሚከላከሉት» አለኝ።

ያቺ የስልክ ጥሪ ያን ጊዜ መጣችብኝ። ልጄ የደወለልኝ መሪነቱን ሲነጥቁት ኖሯል! ሌላ ቦታ ሂድ፣ ተጫወት እንድለው ኖሯል! እኔ ከመጀመሪያውም ባክ ነህ ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ሁለት ሳምንት በሆዴ ይዤው ከረምኩ። እናቱ ፊቴን አይታ አውጣጣችኝና «ሂድና ንገረው፣ ያሻውን ይበልህ» አለች። እሁድ ጠዋት በባቡር ዌሪቢ ወረድኩ። ልጁን ግቢው ውስጥ መኪና ሲያጥብ አገኘሁት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ «ልጄ፣ ኳርተርባክ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንደኔ ባክ መስለኸኝ ነው» አልኩት።

ውኃውን ዘጋ። «ቪዲዮዎቹን አየሁ ስትለኝስ?» አለ።

«ቁጥርህን ነበር የማየው። ከወደቅክበት መነሳትህን።»

«ኖ ዌይ» ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ቀለለኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ቆመና አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይቀላቅል ጠየቀኝ፦ «ብታውቅ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

«ሂድ፣ ማን ይከለክልሃል እልህ ነበር» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አየሁት አየሁት ብዬ የዋሸሁት ይበቃል ብዬ ዋጥኩት። እኔ በሰው አገር የያዘውን የማይለቅ ሰው ነኝ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ ሃያ ዓመት አንድ መጋዘን የሠራሁ ሰው ነኝ። «እዚያው ቆይ ነበር የምልህ» አልኩት። «ሌላውንም ሳታገኝ ይሄንንም ብታጣስ ብዬ። ፈሪ ነኝ።»

የተቆጣ አይመስልም፤ ከቁጣ የባሰ ነገር ነው ፊቱ ላይ ያየሁት።

«ፈርተህ መሆኑን ባውቅ እኮ አልሰማህም ነበር አባዬ» አለ። «አንተ ሁሌም ትፈራልኛለህ። መኪና ስነዳም ፈርተሃል፣ አሜሪካ ስሄድም ፈርተሃል፣ መቼ ሰማሁህ? ያን ቀን የሰማሁህ፣ አይተኸኝ አይተኸኝ አትችልም ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

«ትችል ነበር» አልኩት። «ነበር» የምትለዋ ከአፌ ስትወጣ ሁለታችንም ሰማናት።