በስፖኪዮዬ የመጣው ሞተረኛ

ሞተረኛ አልወድም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ ስነዳ፣ ከአሰላ ሮቤ፣ ከሮቤ ዲክሲስ ስመላለስ፣ ከጎማ መፈንዳትም ከትራፊክ ፊሽካም በላይ ደሜን ሲያፈላው የኖረ ነገር ቢኖር የሞተር ድምፅ ነው። አንተ ተሰልፈህ፣ ነዳጅህን እያቃጠልህ፣ ከተሳፋሪ ጋር እየተጨቃጨቅህ ትቆማለህ። እሱ በአንተና በአይሱዙው መሃል ሹልክ ብሎ፣ ስፖኪዮህን በክርኑ ገጭቶ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይህ ይሄዳል።

እኛ ሾፌሮች ለዚህ መላ አበጅተን ነበር። ሞተር በስፖኪዮ ሲመጣ ካየህ መሪውን ትንሽ ነካ ታደርጋለህ፤ አንድ ስንዝር ብቻ። ክፍተቱ ይዘጋል። ሞተረኛው እግሩን መሬት ተክሎ ይቆምና ይሰድብሃል፤ አንተ ደግሞ ወደ ፊት እያየህ ያልሰማህ ትመስላለህ። መናኸሪያ ሻይ ስንጠጣ ማን ማን ላይ እንደዘጋ እያወራን እንስቅ ነበር። በዚህ እኔን የሚያክል አልነበረም፤ ይህንንም በኩራት አወራው ነበር።

ያ ቀን እሑድ ነበር፤ የሰርግ ወር፣ ጥር። እናቴ የምትኖረው ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከከተማው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አስም አለባት። የዘገየው ስንዴ በኮምባይነር ሲታጨድ ከቤቷ ጀርባ ብናኙ እንደ ጉም ይነሳል። በየዓመቱ ያን ሰሞን እኔ ጋ ነይ እላታለሁ፤ በየዓመቱ «ዶሮዎቼን ለማን ትቼ?» ትለኛለች።

ለምሳ ብዬ ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አገኘኋት። ደረቷ ያፏጫል። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት አልቆ ስትጫነው ባዶ አየር ብቻ ይወጣል። ጥፍሯን አየሁ፤ ጠቁሯል። ከዚህ በፊት አንዴ እንዲህ ሆና ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርስ ትቶታል። እሱ ያልጨረሰውን እኔ በሆዴ ጨርሼው ነበር።

አቅፌ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ልክ ከጀርባዬ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌላት በረርኩ።

ከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ቆመ። ግማሹ አስፋልት ተቆፍሯል። በቀረው ግማሽ ላይ አንድ ኮምባይነር ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ ተበላሽቶ ተገትሯል። የዚያን ማሽን ስፋት በአርሲ መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎኑ በቀረው አፈር ላይ መኪናው አንድ በአንድ እየተንፏቀቀ ያልፋል። ከፊት ለፊት በአበባ ያጌጠ የሰርግ አጀብ፣ ከኋላዬ ጭድ የጫነ አይሱዙ፣ በግራ በቀኝ ባጃጅና ጋሪ። ሁሉም ክላክስ ይነፋል። እኔም ነፋሁ። ከጀርባዬ የእናቴ ፉጨት ይሰማኛል፤ እሱን እየቆጠርኩ ነው የተቀመጥኩት።

በዚህ መሃል በቀኝ ስፖኪዮዬ አንድ ሞተር መጣ።

እንዴት እንዳደረግሁት ብታስምሉኝ አላውቅም። አስቤበት አይደለም። እናቴ ከኋላዬ ትንፋሽ አጥታ፣ እጄ ግን የለመደውን ሠራ፤ መሪውን ነካ አደረግሁ። ክፍተቱ ተዘጋ። ሞተሩ ከቀኙ በር አጠገብ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ቀና ስል በውስጠኛው መስታወት የእናቴን ዓይን አየሁ፤ ፈጦ ነበር። ከሕመሙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሞተረኛው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ፊቱ አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ከኋላው የሽንኩርት ጆንያ አስሯል። በመስኮቱ በኩል «ምን አጠፋሁ፣ ሾፌር?» አለኝ።

«እንደ ሰው ተሰለፍ!» ብዬ ጮኽኩበት።

ያን ጊዜ ፉጨቱ ጠፋ። አስም ያለበትን ሰው ያስታመመ ያውቃል፤ ፉጨት ሲቆም ተሻለው ማለት አይደለም። ዞር ስል አፏ ተከፍቷል፣ አየር ግን አይገባም።

ከሚኒባሱ ወርጄ የሞተሩን እጀታ ያዝኩ። «ወንድሜ፣ በእናትህ» አልኩት። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ጆንያውን ፈትቶ ሚኒባሱ ውስጥ ወረወረው።

«መሃል ትሁን፤ አንተ ከኋላ ያዛት» አለ። ስናወጣት ጎንበስ ብሎ «ጀባዳ፣ እማማ፤ ጀባዳ» አላት፤ በርቺ ማለቱ ነው።

ቁልፉን መኪናው ላይ ትቼ ሦስታችን ሞተሩ ላይ ወጣን። የአይሱዙው ሾፌር «መኪና ጥለህ ወዴት ነው? አብደሃል?» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኜ እንጂ ከታች አይቼው አላውቅም። ክፍተት ብለን የምንበሳጭበት ነገር ከጉልበት ስፋት አይበልጥም። ጉልበቴ የመኪና በር ይፈገፍጋል። የጭስ ማውጫ ሙቀት ቁርጭምጭሚቴን ይጠብሰኛል። ገና ሦስት መኪና ሳናልፍ የአንድ ባጃጅ የፊት ጎማ ትንሽ ዘወር ሲል አየሁት። ዘጋብን። ያቺ ስንዝር የእኔው ስንዝር ናት፤ አወቅኋት። ሞተረኛው በእግሩ ወደ ኋላ እየገፋ መልሶን በሌላ በኩል ሞከረ። ነጭ ፒክአፕ ዘጋብን። የእናቴ ራስ በየፍሬኑ ሞተረኛው ጀርባ ላይ ይወድቃል።

«ምልክት አሳያቸው!» አለኝ ሞተረኛው። «በሽተኛ መጫናችንን አሳያቸው!»

መብራቱን አበራ፣ ክላክሱን ሳያቋርጥ ነፋ። እኔ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፌ ወደ ላይ አውለበለብኩ።

ከፊታችን ያለው የሰርግ አጀብ በእልልታ ተቀበለን።

ምን ያድርጉ? በጥር እሑድ መብራት አብርቶ፣ እየጮኸ፣ ነጭ ነጠላ እያውለበለበ የሚመጣ ሞተር ሰርገኛ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የራሳቸው ቪዲዮ ቀራጺ ትንሽ ቀደም ብሎ በሞተር ላይ ወደ ኋላ ተቀምጦ ሲቀርጻቸው አልፏል። ሴቶቹ በመስኮት ወጥተው አጨበጨቡልን። ሾፌሮቹ ክላክሳቸውን በዘፈን ምት መቱልን። ሁለት ሰርግ መንገድ ላይ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ላለማሳለፍ ያለውን ግብግብ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም ሙሽራ ጭኜ ታግዬበታለሁ። የመጨረሻው መኪና እየሳቀ መሃል መንገድ ያዘ። አንድ ወጣት በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «ሙሽራዋን አሳዩን እንጂ!» አለ።

«ታማለች! እናቴ ታማለች!» አልኩ። ድምፄን እልልታው ዋጠው። ወጣቱ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልቼ አላውቅም። የእናቴን ደረት በሁለት እጄ ይዤ የትንፋሿን እንቅስቃሴ እፈልጋለሁ፤ አንዴ አገኘዋለሁ፣ አንዴ አጣዋለሁ።

ከክላክስና ከእልልታ በላይ የሚሰማ አንድ ድምፅ እንዳለ ያን ጊዜ ታወሰኝ። ላለማድረግ ታገልኩ። በቁም ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ እናቴ ደግሞ በሟርት አጥብቃ የምታምን ሴት ናት፤ ጆሮዋም አፌ ሥር ነው። ግን ሌላ ነገር አልነበረኝም። ነጠላውን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት፣ በአንድ እጄ ደረቴን መታሁና፦

«ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴን! ወየው!»

እልልታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ። የእናቴ ጎን ስቅጥጥ ሲል በክንዴ ተሰማኝ። ሰምታለች። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፤ ከመሃሉ በኋላ ውሸት መሆኑም ቀረ።

መንገዱ ተከፈተ። የሰርጉ መኪና ወደ አፈሩ ወረደ። ባጃጆቹ ተጠጉ፣ ባለጋሪው ፈረሱን በልጓም ስቦ ቦይ ውስጥ አስገባው። ያ ወጣት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ኮምባይነሩ ጋ ስንደርስ ቆመው የነበሩት ሰዎች ቆብ አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አለ አንዱ፣ እናቴ እየሰማች።

ለታመመች የጠፋው ቦታ ለሞተች ተገኘ። ተናደድኩ፤ በእነሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ይቀለኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሰን ኦክሲጅን ተገጠመላት፣ መርፌ ተወጋች። ፉጨቱ ሲመለስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሞተረኛው እስከ በሩ አብሮኝ ተሸክሟት፣ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ስወጣ «እንዴት ናት?» አለኝ። እየተነፈሰች ነው አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና «ሽንኩርቴ መኪናህ ውስጥ ነው፤ መኪናህንም ከመንገድ እናወጣዋለን» ብሎ ሄደ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘጋሁበት፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ይቅርታ አላልኩትም።

ወደ ማታ ስመለስ ሚኒባሱ ዳር ተገፍቶ ቆሟል። ቁልፉ ፊት ለፊት ካለች ባለሱቅ ዘንድ ተቀምጦልኛል። ጆንያው የለም። ወንበሩ ላይ አራት ሽንኩርት ቀርቷል፤ ከጆንያው ሾልኮ ይሁን ሆን ብሎ ትቶልን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ብፈልገው ላገኘው አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ትራስ ተደግፋ ሾርባ ስትጠጣ፣ ስለ ለቅሶው ይቅርታ ለመንኳት። ሳቀች። «ደህና አልቃሽ ነህ እኮ» አለች። «አሁን ሰው እንዳለኝ አወቅሁ። ቀኔ ሲደርስ ግን ከዚህ አሳንሰህ እንዳታለቅስ፤ የሰማ ሰው አለ።»

እኔም ሳቅሁ። ብርጭቆውን ስቀበላት እጄን ያዘችው።

«ያን ሰውዬ» አለች፤ «ሽንኩርት የጫነውን። መጀመሪያ መሪውን አዙረህ ዘጋህበት አይደል? አይቼሃለሁ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ ከኋላህ ሆኜ?»

«አዎ።»

እጄን ለቀቀችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በቁሟ ያለቀስኩባትን በሳቅ ያለፈችልኝ እናቴ፣ ስለዚህኛው እስከ ዛሬ ምንም አላለችኝም።